የኮሌጅ ፋይናል ፖርትፎሊዮ ለምትሰሩ፦ የራይቲንግ ሴንተርና የጉግል ዶክስ ሪቪው

ሰላም ሰላም። ሴሚስተሩ እያለቀ ስለሆነ ኢንግሊሽ ኮምፖዚሽን ምትወስዱ ልጆች "ፖርትፎሊዮ እንዴት ነው ሚሰራው" እያላችሁ ስትጠያየቁ እያየሁ ነው፣ እኔ ደሞ ያለፈው ሴሚስተር ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወስጄው ስለጨረስኩ የተጠቀምኩባቸውን ነገሮች ሪቪው ላድርግላችሁ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንደኛው ኮሌጁ ለተማሪ በነጻ ሚሰጠው ራይቲንግ ሴንተር (ጽሁፋችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ከቱተር ጋር ምታዩበት ቦታ)፣ ሁለተኛው ሁላችንም ስልካችን ላይ ያለው ጉግል ዶክስ። ዌብሳይት መስሪያውን ጉግል ሳይትስንም ትንሽ እነካካዋለሁ። ለቸኮለ ሰው፦ ራይቲንግ ሴንተሩ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል፣ ጉግል ዶክስ 4፣ ሳይትስ 3። ምክንያቱን ግን አንብቡት፣ ምክንያቱም ሁለቱ ጥቅማቸው ሚታየው ፖርትፎሊዮው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ለገባው ሰው ነው፣ እሱ ካልገባችሁ ራይቲንግ ሴንተሩን "ግራመሬን እንኳን አላረሙልኝም" ብላችሁ፣ ዶክስን ደሞ መተየቢያ ብቻ አድርጋችሁ ታልፏቸዋላችሁ።

ብዙ ልጅ ፖርትፎሊዮ ማለት ጥሩ ግሬድ ያመጡ ኤሴዮችን ሰብስቦ፣ ከቨር ፔጅ ለጥፎ ማስገባት ይመስለዋል። አገር ቤት አሳይመንት ፎቶኮፒ ቤት ወስደን አስጠርዘን እንደምናስገባው። እዚህ ሚፈለገው ሌላ ነው። ፕሮፌሰሯ እኮ ኤሴዮቹን አንዴ አንብባቸዋለች፣ ኮሜንት ሰጥታባቸዋለች፣ እነሱኑ መልሳ ለማየት አይደለም ምትጠይቃችሁ። ማየት ምትፈልገው ኮሜንቱን ካገኛችሁ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁበት፣ ምኑን እንደቀየራችሁ፣ ለምን እንደቀየራችሁ፣ የቱን ኮሜንት አስባችሁበት እንዳልተቀበላችሁ ነው። ለዛ ነው አብዛኛው ክላስ ላይ ከፋይናሉ ጋር የድሮ ድራፍቶቹን፣ ከፊት ደሞ ሪፍሌክቲቭ ሌተር ሚባለውን፣ ምን እንደቀየራችሁና ለምን እንደቀየራችሁ ምታስረዱበትን ደብዳቤ አስገቡ ሚባለው። ዝርዝሩ ከክላስ ክላስ ይለያያል፣ የኛ ሶስት ኤሴይ ከነድራፍቱና ደብዳቤው ነበር፣ የናንተን ሲለበስ (የኮርሱን እቅድ) ና ሩብሪክ (ነጥብ ሚሰጥበትን መስፈርት) ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንደ ፈረንጆቹ 1980ዎቹ ውስጥ ኒውዮርክ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ኤልቦ እና ፓት ቤላኖፍ ሚባሉ ሁለት አስተማሪዎች፣ ተማሪው አንድ ቀን ተቀምጦ ሚጽፈው የራይቲንግ ፈተና ችሎታውን በትክክል አያሳይም ብለው ፈተናውን በፖርትፎሊዮ ተኩት፣ ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ እየመላለሰ ያረማቸውን ጽሁፎች ያስገባል፣ የራሱ አስተማሪ ያልሆነ ሌላ አስተማሪ ያነበዋል። በ1986 ስለዚሁ ጽፈው አሳትመዋል፣ ከዛ በኋላ አሰራሩ ብዙ ኮሌጅ ገባ። እኛ ማትሪክ ላይ ኢንግሊሽን በእርሳስ እያጠቆርን የተፈተንን ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። አራት ምርጫ፣ አንድ ጠዋት፣ አለቀ። ራስ ምታት ይኑርሽ ለቅሶ ቤት አድረሽ ምጪ ማንም አይጠይቅሽም። እዚህ ግን ተመልሰሽ እንድታርሚው ጊዜ ተሰጥቶሻል፣ ማረምሽ ራሱ ነጥብ አለው። እና እኔ ይሄን እድል ሰዎች በመጨረሻው ሌሊት ሲያባክኑት ሳይ ከልቤ ያናድደኛል።

እሺ ወደ ራይቲንግ ሴንተሩ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ሆኖ የሌለው የለም ማለት ይቻላል፣ ስሙ ራይቲንግ ሴንተር ወይ ራይቲንግ ላብ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ላይብረሪው ውስጥ ወይ አጠገቡ ነው። ትምህርት ክፍያችሁ ውስጥ ስላለ ሌላ ገንዘብ አይጠይቅም። በኦንላይን ቀጠሮ ትይዛላችሁ፣ የኛ አንድ ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ነው፣ አሳይመንቱን ከነወረቀቱ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቱተሩ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ግማሾቹ ቱተሮች ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፣ ግማሾቹ ደሞ ዕድሜ ጠገብ አስተማሪዎች። እኔ የደረሰችኝ ሴትዮ ጡረታ የወጣች የሃይስኩል አስተማሪ ነበረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እርሳስ እንጂ እስክሪፕቶ የማትይዝ፣ እርሳሱንም ለኔ ነው ምትሰጠው። እስከመጨረሻው አንድም ቃል በእጇ ጽፋልኝ አታውቅም። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ የወሰድኩላት ሊተረሲ ናሬቲቭ ሚባለውን ነው፣ ማንበብና መጻፍ እንዴት እንደተማራችሁ ምትተርኩበት ኤሴይ ማለት ነው፣ እዚህ አገር ፍሬሽማን ክላስ ላይ በጣም የተለመደ አሳይመንት ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ስለቆጠርኩ እሱን ጻፍኩ። ድራፍቱ ሚጀምረው ግን "ኢትዮጵያ የራሷ ፊደል ያላት ጥንታዊ አገር ናት" ብሎ ነው፣ ከዛ አክሱም፣ ከዛ ግዕዝ፣ ከዛ አማርኛ፣ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ። ሴትዮዋ "ድምጽሽን አውጥተሽ አንብቢልኝ" አለችኝ። ሁሌም ሚጀምሩት እንደዛ ነው፣ አፍራችሁ እንዳትተዉት፣ ጆሯችሁ ዓይናችሁ የዘለለውን ይይዛል። አንብቤ ስጨርስ "ይሄን ሁሉ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል፣ አንቺ የት ነሽ?" አለችኝ። እኔም በቃል ማውራት ጀመርኩ፣ ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ ድንጋይ ላይ ተኮልኩለን ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ፊደል ገበታ ጉልበታችን ላይ አድርገን በስንደዶ እየጠቆምን ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሳልስ ስንል፣ ዜማውን ይዘን ፊደሉን ሳናይ ስንሄድ የኔታ ከሩቅ ድምጻችንን ሰምተው ብቻ የማን ስንደዶ ከፊደሉ እንደወጣ ሲያውቁ። "ቆይ ቆይ፣ አሁን ያልሽውን ጻፊው" አለችኝ፣ ስልኳ ላይ ሰዓት ሞልታ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ እኔ ጻፍኩ። ፋይናሉ ላይ ኤሴዩ የሚጀምረው በዛች አምስት ደቂቃ በተጻፈችው ፓራግራፍ ነው።

ያችን ፓራግራፍ ሴትዮዋ ብትጽፍልኝ ኖሮ ኤሴዩ ሊያምር ይችል ነበር፣ ፖርትፎሊዮው ግን ባዶ ይሆን ነበር፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ላይ "ለምን ቀየርሽው" ሲባል መልስ አይኖረኝም። የራይቲንግ ሴንተሮች ሃሳብ ይሄ ነው። ስቲፈን ኖርዝ ሚባል ሰው በ1984 ስለነዚህ ቦታዎች ሲጽፍ ስራቸው ወረቀቱን ማሻሻል ሳይሆን ጸሃፊውን ማሻሻል ነው ብሎ ነበር፣ እስከዛሬ ብዙ ቱተር ሚመራበት እሱ ነው። የኛ ሰዎች በዚህ ቅር ሲሰኙ አያለሁ፣ "ሄጄ ነበር ጥያቄ ብቻ ጠይቀው ላኩኝ" ይላሉ። እኔ ደሞ ምለው ጥያቄው ነው አገልግሎቱ።

ግራመርስ ካላችሁ፣ ጭራሽ አይነኩም ማለት አይደለም። በያንዳንዱ ስህተት ላይ አይቆሙም፣ ተደጋጋሚውን ይይዛሉ። የኔ ሴትዮ አንድ ገጽ ካየች በኋላ "ዘ" (the) ና "ኤ" (a) ን ሳትጽፊ ምትዘይበት ቦታ አለ አለችኝና ሁለት ቦታ ላይ ለምን እንደጎደለ አስረዳችኝ፣ "አሁን ሌሎቹን ራስሽ ፈልጊ" ብላ እርሳሱን ሰጠችኝ። ፈለግኩ፣ አብዛኛውን አገኘሁት። ፕሪፖዚሽንም እንደዛው። ከዛ በኋላ የጻፍኳቸው ላይ እሷ ሳትኖርም እየፈለግኩ ነው ማስገባው፣ በሶፍትዌር ቢታረምልኝ ይሄ አይመጣም ነበር።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ደብዳቤው ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሚወድቀው እዚህ ነው። እኛ ስናድግ አስተማሪ ይከበራል፣ ደብዳቤ ሲባል ምስጋና ነው ሚመጣልን። የኔ የመጀመሪያው ደብዳቤ "በዚህ ኮርስ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፣ ራይቲንጌም በጣም ተሻሽሏል፣ ለዚህም ፕሮፌሰሬን አመሰግናለሁ" ሚል ነበር፣ ከልብ ነው ደሞ፣ ግን ማንኛውም ተማሪ ማንኛውም ኮርስ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ሴትዮዋ "የተሻሻለውን አሳዪኝ" አለች። የመጀመሪያውንና ሶስተኛውን ድራፍት ጎን ለጎን ዘረጋን። "ይሄ ፓራግራፍ እዚህ ነበር፣ አሁን የለም፣ የት ሄደ? ማን አስወጣው? ስታስወጪው ምን አስበሽ ነበር?" እንደዚህ እየጠየቀች ከኔው አፍ አወጣችው። የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ያ ቦታ እንዲህ ሆነ፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ "በመጀመሪያው ድራፍት የፊደልን ታሪክ ያስቀደምኩት አንባቢዬ ኢትዮጵያን አያውቅም ብዬ ስለገመትኩ ነው። በሶስተኛው ታሪኩን ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ የኔታንና ልጆቹን አስቀደምኩ፤ አንባቢ ቦታውን ካየ በኋላ ታሪኩን ለማወቅ ራሱ ይጓጓል። ፕሮፌሰሬ የዜማውን ክፍል አሳጥሪው ብላኝ ነበር፤ አላሳጠርኩትም፤ ፊደሉን በቃል ይዞ ሳያዩት መሄድ ምን እንደሆነ ሚገባው በዛ ርዝመት ሲሰማ ነው።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ፈርቼ ነበር፣ አስተማሪ ያለችውን አልተቀበልኩም ብሎ መጻፍ ድፍረት መሰለኝ። ፕሮፌሰሯ ግን ኮሜንቷን የጻፈችው በትክክል እዛ ጋ ነው፣ ይሄን ነው ምፈልገው ብላ።

ደብዳቤውን በኢንግሊሽ መጀመር ለሚከብዳችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጂቦርድ ኪቦርድ ላይ ማይኩን ተጭናችሁ በአማርኛ ስትናገሩ ይጽፍላችኋል፣ እኔ ማታ ሆስፒታል ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ስለምሰራ ከሺፍት ስወጣ ባስ ላይ ቁጭ ብዬ ለጓደኛዬ እንደማወራ ስለ ኤሴዩ በአማርኛ አወራለት ነበር። ቃላት ይስታል፣ ነጥብ አያደርግም፣ ግን ሃሳቡ ይቀመጣል። ከዛ በኢንግሊሽ እንደ አዲስ ነው ምጽፈው፣ ትራንስሌተር ላይ ከከተታችሁት ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።

አሁን ጉድለቱን ልናገር፣ ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው። የሴሚስተሩ መጨረሻ ሁለት ሳምንት ላይ ቀጠሮ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይመጣል። ማታ ሚሰራና ቀን ሚተኛ ሰው ደሞ ሰዓቱ አይመቸውም፣ የኛው አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ ቅዳሜ ጥቂት ሰዓት ነው፣ እሁድ የለም። ፓርኪንግ ሚሰራ፣ ኡበር ሚነዳ፣ ልጅ ከዴይኬር ሚያወጣ ሰው የሞላበት ኮሌጅ ይሄን ማሰብ ነበረበት፣ ይሄን በኮሌጁ የዓመቱ መጨረሻ ሰርቬይ ላይም ጽፌዋለሁ። ሌላው፣ ድራፍት ልካችሁ ኮሜንት በጽሁፍ ሚመለስላችሁ የኦንላይን አማራጭ አለ፣ ምንም ከማጣት ይሻላል፣ ግን ያ "አንቺ የት ነሽ" ሚለው ነገር በጽሁፍ አይመጣም። ዙም ላይ ሚሆነውን ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ቱተርም ይለያያል፣ አንዴ የደረሰኝ ወጣት ልጅ ጎበዝ ነበር ግን ሰዓቱን እያየ ነበር ሚያወራኝ። የተስማማችሁን ሰው ስም ይዛችሁ ለሱ ቀጠሮ አስይዙ፣ ታሪካችሁን ከመጀመሪያ አትነግሩትም።

ጉግል ዶክስ ላይ ልምጣ። ሁላችንም እንጠቀመዋለን፣ ለፖርትፎሊዮ ሚጠቅመውን ክፍል ግን ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም፣ እሱም ቨርዥን ሂስትሪ ነው። ፋይል ሚለው ውስጥ ገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ይሻላል፣ ዶክመንቱ ከተጀመረ ጀምሮ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት ምን እንደጨመራችሁ ምን እንዳጠፋችሁ በቀለም ያሳያችኋል። ለሪፍሌክቲቭ ሌተር ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም፣ "እዚህ ቀይሬ ነበር መሰለኝ" ከማለት ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ማወቅ ያለባችሁ ግን ጉግል ቦታ ለመቆጠብ ጥቃቅን ቨርዥኖችን ሊያዋህዳቸው ይችላል፣ ስለዚህ ድራፍት ባስገባችሁ ቁጥር ስም ስጡት፣ "ድራፍት 1 ለፕሮፌሰሯ የገባ"፣ "ከራይቲንግ ሴንተር በኋላ" እያላችሁ። ስም የተሰጠው ቁልጭ ብሎ ይቀመጣል። ሌላ፣ ሪዞልቭ ያደረጋችኋቸው፣ ማለት አልቋል ብላችሁ የዘጋችኋቸው ኮሜንቶች አይጠፉም፣ የኮሜንት ሂስትሪው ውስጥ አሉ፣ ከክላስ ጓደኛ የመጣ ፒር ሪቪው ሁሉ እዛ ይገኛል። በ2024 የመጣው ታብ ሚባለው ነገርም ጥሩ ነው፣ አንድ ዶክመንት ውስጥ ደብዳቤው አንድ ታብ፣ እያንዳንዱ ኤሴይ አንድ አንድ ታብ አድርጋችሁ በግራ በኩል እየነካችሁ ትዘዋወራላችሁ፣ እኔ ሁሉንም ያሰናዳሁት በሱ ነው።

አንድ ኮከብ ለምን ቀነስኩ፣ ምክንያቱም "ሜክ ኤ ኮፒ" ስታደርጉ ሂስትሪው አብሮ አይሄድም፣ አዲሱ ኮፒ ዛሬ እንደተወለደ ነው ሚቆጠረው። ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ ድራፍት ኮፒ እያደረገ ይሰራል፣ ከዛ ሂስትሪውን ሲፈልግ የተበታተነ ይሆንበታል። አንዱን ዶክመንት ይዛችሁ እሱ ላይ ብቻ ስሩ። ደሞ ሼሪንጉ መነሻው ዝግ ነው፣ ሊንኩን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ካስገባችሁ ፕሮፌሰሯ ስትከፍተው ፈቃድ ጠይቂ ይላታል፣ ግሬድ ምታስገባበት ሰዓት ላይ ነው ደሞ። "ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ" አድርጉትና ቪወር ወይ ኮሜንተር ላይ ተዉት፣ ከዛ ኢንኮግኒቶ ዊንዶው (አካውንታችሁ ያልገባበት መስኮት) ከፍታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።

ሂስትሪው ሌላም ጥቅም አለው፣ ይሄኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። አሁን ሁሉም ኮሌጅ ኤአይ ኤአይ እያለ ነው፣ ዲቴክተር ሚባል፣ ጽሁፉን ሰው ነው ኤአይ የጻፈው ብሎ ሚገምት ሶፍትዌር ሚጠቀሙ አስተማሪዎች አሉ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ሰባት ዲቴክተሮችን ኢንግሊሽ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በጻፏቸው 91 የቶፍል ኤሴዮች ላይ ሞክረው፣ ሰው የጻፋቸው ሆነው ሳለ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሆኑትን ኤአይ ነው አሏቸው፣ አሜሪካዊ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፏቸውን ግን አብዛኛውን በትክክል ለይተዋል። ምክንያቱ ደሞ ቀላል ነው፣ በሁለተኛ ቋንቋ ስንጽፍ ምናውቃቸውን የተለመዱ ቃላት ነው ምንጠቀመው፣ ማሽኑ ደሞ ሚጠረጥረው ሚገመት ቃል ነው። አንድ የክላሳችን ልጅ ተጠርጥራ ነበር፣ ልቧ ተሰብሮ ስታለቅስ አይቻታለሁ፣ ሂስትሪውን ከፍታ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት አንድ ፓራግራፍ ስትጽፍ ስታጠፋ ስትጽፍ የነበረችበትን ስታሳይ ነገሩ እዛው አለቀ። ስለዚህ ኖት ላይ ጽፋችሁ ሁሉንም በአንዴ ፔስት አታድርጉ፣ እዛው ዶክስ ላይ ጻፉት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቴሌግራም ላይ "ፖርትፎሊዮ እንሰራለን" እያሉ ሚያስተዋውቁ አሉ፣ የኛው ሰዎች ናቸው ሚያሳዝነው። ገንዘቡ ይቅር፣ ግን ፖርትፎሊዮ ከሁሉም አሳይመንት በላይ በሌላ ሰው ሊሰራ የማይችለው ነው፣ ድራፍቱን ከየት ያመጡታል? ሪፍሌክሽኑን ከማን ጭንቅላት ያወጡታል? አታስቡት በጭራሽ።

ጉግል ሳይትስን ባጭሩ። አንዳንድ ፕሮፌሰሮች ኢፖርትፎሊዮ ብለው ዌብሳይት እንድትሰሩ ይጠይቃሉ፣ ሳይትስ ነጻ ነው፣ ጎትታችሁ ምታስቀምጡት ስለሆነ ኮድ ምናምን አይጠይቅም፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ ቁጭ ካላችሁ ያልቃል። ሶስት የሰጠሁት ውስጡ ምታስገቡት ዶክመንት የራሱ ሼሪንግ ስላለው ነው፣ ሳይቱን ፐብሊሽ ብታደርጉም ዶክመንቱ ዝግ ከሆነ ገጹ ላይ አይታይም፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መክፈት አለባችሁ። ሰው ደሞ ከለርና ፎቶ ሲመርጥ ውሎ ደብዳቤውን በግማሽ ሰዓት ይጽፋል። አስተማሪያችሁ ካላስገደደች በዶክስ ወይ በፒዲኤፍ ግቡ።

ፎርማት ላይ ብዙ አላወራም፣ ኤምኤልኤ ሚባለው የወረቀትና የሶርስ አጻጻፍ ደንብ ከሆነ አሁን ያለው በ2021 የወጣው ዘጠነኛው እትም ነው፣ ደብል ስፔስ፣ ዙሪያውን አንድ ኢንች፣ ቀኝ ላይ ከላይ የአባት ስምና የገጽ ቁጥር። ፎርም ላይ ላስት ኔማችሁ የአያት ስም ሆኖ ከተመዘገበ ኮሌጁ ሲስተም ውስጥ ያለውን ጻፉ። ለቀረው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከ1994 ጀምሮ በነጻ ያስቀመጠው ፐርዱ አውል ሚባለው ዌብሳይት አለ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሶርስ ምሳሌ አለው፣ እሱ አምስት ኮከብ ነው ያለምንም ቅናሽ።

ሪሰርች ፔፐሩ ላይ ደሞ ላይብረሪያኗን አትርሱ። እኔ እንደ ግማሹ ሐበሻ ተማሪ ስለ ህዳሴ ግድብ ነው የጻፍኩት፣ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ መጀመሩን፣ 5,150 ሜጋዋት መሆኑን፣ በ2025 መመረቁን፣ እናቶቻችን ቦንድ እንዴት እንደገዙ፣ ልቤ ሞቆ ነው የጻፍኩት። ፕሮፌሰሯ "ያንቺን አቋም አይቻለሁ፣ ሌላኛው ወገን ምን እንደሚል ግን ካንቺ ወረቀት ማወቅ አልቻልኩም" አለች። ላይብረሪያኗ በኮሌጁ ዳታቤዝ ገብታ የግብጽን ክርክር ሚያስረዱ አርቲክሎች አወጣችልኝ፣ በ1959 ግብጽና ሱዳን ሁለቱ ብቻ ተፈራርመው ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የተከፋፈሉበትን ስምምነት ግብጾች እንዴት እንደሚያነሱት አነበብኩ። ከዛ የነሱን ክርክር በጥሩ ሁኔታ አስቀምጬ፣ ኢትዮጵያ ያልፈረመችው ውል እንዴት ያስራታል ብዬ መልሱን ጻፍኩ። አቋሜ አልተቀየረም፣ ግን አሁን ግብጻዊ የክላስ ጓደኛዬ አንብቦት ቁጭ ብለን ማውራት ቻልን። ደብዳቤዬ ላይ ሁለተኛው ትልቅ ክፍል ይሄ ነው የሆነው።

ማን ይጠቀምበት ካላችሁ፣ ኢንግሊሽ 101 ይሁን 102 ድራፍት አስገቡ ሚል ኮርስ ያለበት ሁሉ። ራይቲንግ ሴንተር ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ሂዱ፣ ያኔ ቀጠሮ እንደልብ ነው፣ ሰዎቹም አልደከሙም። ፋይናሉን ይዛችሁ ሳይሆን ገና ያላለቀውን፣ ኮሜንት ያለበትን፣ ግራ የገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ቀጠሮ ብቻ ካገኛችሁ ደሞ በኤሴዩ አታባክኑት፣ በደብዳቤው ሂዱ፣ ሁለት ድራፍት ፕሪንት አድርጋችሁ ጎን ለጎን ይዛችሁ።

ከገባ በኋላስ፣ ሰው ግሬዱን አይቶ ይረሳዋል፣ ግን አራት ዓመት ኮሌጅ ትራንስፈር ስታደርጉ ወይ ስኮላርሺፕ ስትሞሉ ኤሴይ ይጠየቃል፣ እኔ የየኔታዋን ኤሴይ ትንሽ ለውጬ ለስኮላርሺፕ አስገብቻታለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ብዙ ኮሌጅ ተማሪው ከወጣ በኋላ አካውንቱን ይዘጋዋል፣ ስለዚህ በኮሌጁ ኢሜል የሰራችሁትን ሁሉ ሳትወጡ ወደ ግላችሁ አውርዱት፣ ፋይናሉን በወርድም በፒዲኤፍም፣ ስም የሰጣችኋቸውን ድራፍቶች ደሞ አንድ በአንድ ከሂስትሪው ከፍታችሁ ለየብቻ፣ ምክንያቱም ዶክመንቱን ወደ ግል ጂሜላችሁ ኮፒ ብታደርጉት ድራፍቶቹ አብረው አይመጡም።